የበቆሎና የቲማቲም ክበቦች፤ ልጆች በማኅበር ሆነው ሥራን እንዴት እንደ ተማሩ

ልጅ ከአባቱና ከእናቱ ቤት ጠባይን ይቀበላል፤ ከትምህርት ቤት ደግሞ ፊደልንና ቍጥርን ይቀበላል። ነገር ግን ከሁለቱ በአንዱም በቀላሉ የማያገኘው ነገር አለ፤ ይኸውም ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ የራሱን ሥራ ራሱ ጀምሮ ራሱ መፈጸም፥ ትርፉንና ኪሳራውንም ራሱ መቍጠር ነው። በቤት አባት ያዝዛል፤ በትምህርት ቤት መምህር ያዝዛል፤ ልጁም የታዘዘውን ይሠራል። መታዘዝ መልካም መሆኑን የሚክድ የለም፤ ዳሩ ግን በመታዘዝ ብቻ ያደገ ልጅ፥ ነገ ቤትና ርስት ወይም የመንግሥት ሥራ በእጁ በተሰጠው ጊዜ ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል።

ይህን ጕድለት ለመሙላት በየአገሩ ልዩ ልዩ የወጣቶች ማኅበሮች ተቋቁመዋል። ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንተርከው ከእነዚህ ስለ አንዱ ነው፤ እርሱም በአሜሪካ ኅብረት መንግሥታት በገጠር ልጆች መካከል ተጀምሮ «አራቱ ኤች» ተብሎ የሚጠራው ክበብ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት፥ የተጀመረው በታላቅ ሕንጻና በብዙ ገንዘብ ሳይሆን በጥቂት ዘርና በጥቂት መሬት ስለ ሆነ፥ የእርሻንና የቤተ ሰብን ነገር ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ነገሩ ቅርብ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1862 ባወጣው ሕግ ለየግዛቱ መሬት ሰጥቶ የእርሻና የእጅ ሥራ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አድርጎ ነበር፤ በ1887 ደግሞ ዘርና አፈር የሚመረመርባቸው ጣቢያዎች በየኮሌጁ እንዲጨመሩ ሌላ ሕግ አወጣ። በዚህ መሠረት ሊቃውንቱ ብዙ ነገር መረመሩ፤ ብዙም ጻፉ። ነገር ግን ዕውቀቱ ከኮሌጁ አጥር ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ አልደረሰም። ገበሬው የመጽሐፍ እርሻ እያለ ይሥቅበት ነበር፤ አባቱ እንዳረሰ ያርሳል፥ አያቱ እንደ ዘራ ይዘራል። በእውነቱ ነገር ይህን ሰው ብቻውን መውቀስ አይገባም፤ አንድ ዓመት የሞከረው አዲስ ዘር ባይበቅልለት ልጆቹ የሚበሉት አያገኙምና። በሌላው ወገን የገጠሩ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ስለሚኖሩበት መሬት ምንም ስለማያስተምራቸው፥ ንቁ የሆኑት ወጣቶች ሁሉ ዐይናቸው ወደ ከተማ ብቻ ይመለከት ነበር።

በኦሃዮ ግዛት በክላርክ አውራጃ የገጠር ትምህርት ቤቶች ኀላፊ የነበሩት ሚስተር ግራሃም ይህን ነገር አስተውለው፥ በጥር ወር 1902 ሠላሳ የሚያህሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን በስፕሪንግፊልድ ከተማ በአውራጃው የመንግሥት ሕንጻ ምድር ቤት ሰበሰቧቸው። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ነበር። ሥራቸውም ቀላል ነበር። ልጆቹ የተመረጠ የበቆሎ ዘር ወስደው በቤታቸው አጠገብ ይዘራሉ፤ አትክልትና አበባ ይተክላሉ፤ ከአባታቸው ማሳም ጥቂት አፈር አምጥተው ኮምጣጣነቱን ቀለሙን በሚለውጥ ወረቀት ይፈትናሉ። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ገብቶ ቀይ ሆኖ ከወጣ አፈሩ ኖራ ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን በእጁ አድርጎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ሊቁ በመቶ ገጽ ሊያስረዳው ያልቻለውን ነገር ለአባቱ በማዕድ ላይ በአንዲት ቃል ይነግረዋል። የክበቡ ኀይል ይህ ነበር። ሚስተር ግራሃም ከሦስት ዓመት በኋላ በ1905 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሥራ በግዛቱ ሁሉ እንዲያስፋፉ ተሾሙ።

በዚያው ዘመን በደቡቡ ክፍል ሌላ መከራ ነበረ። ከሜክሲኮ ድንበር በ1892 ገደማ የገባ አንድ ትንሽ ነቀዝ የጥጥ ፍሬ እየበላ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ይዛመት ጀመር፤ ጥጥ ብቻ ይዘራ የነበረውም ሕዝብ ባዶ እጁን ቀረ። የእርሻ ሚኒስቴር የላካቸው ሽማግሌ፥ ዶክተር ሲማን ናፕ፥ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ሲጠጋ ይህን ሥራ ጀመሩ። ሐሳባቸውም ሰው የሰማውን ይጠራጠራል፥ ያየውንም ሊጠራጠር ይችላል፥ በገዛ እጁ ያደረገውን ግን ሊክድ አይችልም የሚል ነበር። ስለዚህ በ1903 በቴክሳስ ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ፥ ገበሬው ራሱ እያረሰ አዲሱን ዘዴ አስፈተኑት። በኋላም ይህ ዘዴ ከአባቶች ይልቅ በልጆች ዘንድ ቶሎ እንደሚሠራ ተገነዘቡ። በ1907 በሚሲሲፒ ግዛት በሆምስ አውራጃ የትምህርት ቤቶች ኀላፊ የነበሩት ሚስተር ስሚዝ 120 ወንዶች ልጆችን የበቆሎ ክበብ ባስገቡ ጊዜ፥ የእርሻ ሚኒስቴር በዓመት አንድ ዶላር ደመወዝ ቈርጦ የመንግሥት ሠራተኛ አደረጋቸው። ደመወዙ ለስሙ ያህል ነው፤ ጥቅሙ ግን በመንግሥት ስም ለልጆቹ ያለ ቴምብር ደብዳቤ መላክ መቻላቸው ነበር። ለሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህች ትንሽ ብልሃት የምትናቅ አትመስለንም።

እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኤከር መሬት ያርሳል። ኤከር የሚባለው ልክ በእኛ አገር አለካክ የአንድ ጋሻ መሬት መቶኛ እጅ ያህል ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ ካሮላይና ግዛት ከአንድ ኤከር ይገኝ የነበረው በቆሎ በአማካይ ከ20 ቡሽል በታች ነበር፤ ይህም ወደ አምስት ኩንታል ይጠጋል። በ1910 በዚያው ግዛት ጄሪ ሙር የተባለ የክበብ ልጅ ከአንድ ኤከር 228 ቡሽል ከግማሽ የሚበልጥ፥ በኩንታል ቢቈጠር 58 ያህል አመረተ። ነገሩ በጋዜጣ በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው አላመነም ነበር። የእርሻ ሚኒስቴርም በየዓመቱ ብልጫ ያሳዩትን ልጆች ወደ ዋሽንግተን እያስጠራ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሽልማት ልጅን ያነሣሣል፤ ያሳስታልም። ብልጫውን በእህሉ ብዛት ብቻ የሚፈልግ ልጅ፥ ገንዘብ ያለው አባት ካለው፥ ማዳበሪያውን ያለ ልክ አፍስሶ ብዙ ኩንታል ሊያገባ ይችላል፤ ወጪው ግን ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል። የድኻው ልጅ ደግሞ በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ይሸነፋል። የክበቦቹ ኀላፊዎች ይህን አስተውለው የውድድሩን ነጥብ እንዲህ ከፈሉት፦ ለምርቱ ብዛት ከመቶ 30፥ ለተጣራው ትርፍ 30፥ ለናሙና ለቀረቡት ዐሥር የበቆሎ ዛላዎች 20፥ ልጁ ሥራውን እንዴት እንደ ሠራ በራሱ እጅ ለሚጽፈው ታሪክ 20። በዚህ አኳኋን ሞፈርና ብዕር በአንድ ልጅ እጅ ተገናኙ። ከመላው ታሪክ ይልቅ እኛን የማረከችን ይህች የመጨረሻዋ 20 ነጥብ ናት። መዝገብ የማይጽፍ ልጅ ቢያሸንፍም እንዴት እንዳሸነፈ አያውቅምና።

ወደ ሴቶች ልጆች እንመለስ። በደቡብ ካሮላይና በኤይከን አውራጃ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበሩት ወይዘሪት ማሪ ክሮመር ስለ ወንዶቹ የበቆሎ ክበብ ሲነገር ሰምተው፥ ለሴቶቹ ልጆችስ ለምን አንድ ነገር አይደረግም ብለው ተነሡ። በ1910 ከ40 የሚበልጡ ልጃገረዶችን ሰብስበው የቲማቲም ክበብ አቋቋሙ። ለእያንዳንዷ ልጅ የተሰጣት መሬት የኤከር ዐሥረኛ እጅ፥ 400 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ለምን ቲማቲም ተመረጠ ቢባል ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትኰተኵተው ትችላለች፤ ከትንሽ መሬት ብዙ ፍሬ ይሰጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮምጣጣ ስለ ሆነ በቆርቆሮ ታሽጎ በውሃ ቢቀቀል ሳይበላሽ ይከርማል።

አሠራሩን ለባለ ቤት እመቤቶቻችን እንግለጸው። የበሰለው ቲማቲም ታጥቦ ለአንድ አፍታ በፈላ ውሃ ይነከርና ልጡ ይላጣል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ውስጥ ይታጨቃል። ክዳኑ በጋለ ብረት ዙሪያውን ይበየዳል፤ በመካከሉ ግን መርፌ የምታህል ቀዳዳ ትተዋለች። ቆርቆሮው በሙቅ ውሃ ጥቂት ጊዜ ሲቈይ በውስጡ ያለው አየር በቀዳዳይቱ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳይቱ በብየዳ ትደፈናለች። ቀጥሎ ቆርቆሮው በፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ በመጨረሻም ቀዝቅዞ የልጅቷን ክበብ የሚያመለክት ወረቀት ይለጠፍበታል። (ዛሬ በብየዳው ውስጥ የነበረው እርሳስ ለጤና ክፉ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በቤት የሚያሽጉ ሰዎች የሚጠቀሙት በብርጭቆ ማሰሮ ነው።) ይሁን እንጂ በዚህ ዘዴ ባቄላን ወይም ሥጋን ማሸግ ፈጽሞ አይገባም፤ እነዚህ ኮምጣጣነት ስለሌላቸው፥ አየር በሌለበት የሚያድግና የሚገድል መርዝ የሚያፈልቅ ረቂቅ ተሕዋስ በተራ የፈላ ውሃ አይሞትባቸውም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ1917 እንዲህ ያለ ምግብ በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ድስት ብቻ እንዲታሸግ መከረ። የክበብ ልጃገረድ ይህን ሁሉ ስትማር የወጥ ቤት ሥራ ብቻ አልተማረችም፤ የሙቀትን ኀይልና የረቂቅ ተሕዋስያንን ነገር ጭምር ተማረች።

በመጀመሪያው ዓመት አንደኛ የወጣችው ልጅ ከዚያች ቍራሽ መሬት ከ500 ቆርቆሮ በላይ አሸገች። ሽልማቷም በዊንትሮፕ ኮሌጅ በነጻ መማር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ለአንዲት የገጠር ልጅ ወደ ኮሌጅ የሚያደርስ መንገድ እምብዛም አልነበረም። ሌሎቹም ያልተሸለሙት በሸጡት ቆርቆሮ ጫማና መጽሐፍ ገዙ፤ አንዳንዶቹም የትምህርታቸውን ገንዘብ ራሳቸው ከፈሉ።

ነገር ግን ገንዘቡ የማን ነው? በክበቦቹ ታሪክ ውስጥ ከነቀዙና ከድርቁ ይልቅ የከበደው ጥያቄ ይህ ነበር። አባት ለልጁ ጥጃ ይሰጠዋል፤ ልጁም ሌሊት እየተነሣ ያጠጣዋል፥ ያበላዋል፥ ስም ያወጣለታል። ጥጃው አድጎ በሬ ሆኖ በተሸጠ ዕለት ግን ገንዘቡ ወደ አባት ኪስ ይገባል። አባትየው በደለኝ ብሎ አያስብም፤ ቤቱ የእርሱ፥ መኖውም የእርሱ ነውና። ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ጥጃ ቢሰጡት እንደ ፊተኛው አይነሣለትም፤ ጥቂት ቈይቶም ወደ ከተማ ይሄዳል። ብዙ የአሜሪካ አባቶች ልጆቻቸው ለምን እርሻን እንደ ጠሉ ሲጠይቁ፥ መልሱ በገዛ ኪሳቸው ነበረ። ስለዚህ የክበቡ መሪዎች አባቶችን ማነጋገር ግድ ሆነባቸው። ልጁ የዘሩን ዋጋ፥ የመኖውን ዋጋ፥ የመሬቱን ኪራይ ጭምር በመዝገቡ ይጽፋል፤ ከሽያጩ የአባቱን ድርሻ ከፍሎ የቀረው የእርሱ ይሆናል። አንዳንዱ አባት ይህን እንደ ድፍረት ቈጠረው፤ ልጅ ከአባቱ ጋር ሒሳብ ይተሳሰባል ወይ አለ። እኛም ብንሆን በመጀመሪያ ስንሰማው ጥቂት ይጎረብጠናል። ዳሩ ግን አባቱ ከሞተ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር በርስት ክፍያ ከመካሰስ፥ አባቱ በሕይወት ሳለ ሒሳብን በፍቅር መማር ይሻላል ብለን እንፈርዳለን።

የክበቡ ስብሰባም ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ከመካከላቸው ሊቀ መንበር፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። ሊቀ መንበሩ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢሆንም፥ ሳይፈቅድ ማንም አይናገርም፤ እርሱም ሌላው ሲናገር አያቋርጥም። ሐሳብ ይቀርባል፥ ይደገፋል፥ ክርክር ይደረጋል፥ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሸነፈውም ወገን ሳያኰርፍ በተወሰነው ነገር ይሠራል። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ትጽፋለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንብባ ታጸድቃለች። ገንዘብ ያዡ ሃያ ሳንቲምም ብትሆን ተቈጥራ መግባቷንና መውጣቷን ያስረዳል። ከዚያ አንድ ልጅ ተነሥቶ የሠራውን በጓደኞቹ ፊት እያሳየ ያስረዳል፤ ፍየል እንዴት እንደምትታለብ፥ ቅጠል የሚበላ ትል እንዴት እንደሚታወቅ። በሰው ፊት ሲቆም እግሩ የሚንቀጠቀጥ ልጅ በሦስተኛው ጊዜ አይንቀጠቀጥም። ትልቅ ሰው ሁልጊዜ አጠገባቸው አለ፤ ነገር ግን ከኋላ ተቀምጦ ሲጠየቅ ብቻ ይናገራል። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው፤ ለማስተማር የሚችሉ ብዙዎች ናቸው፥ ዝም ለማለት የሚችሉ ግን ጥቂቶች ናቸው። እነዚህም መሪዎች በአብዛኛው ደመወዝ የማይቀበሉ የሰፈሩ አባቶችና እናቶች ናቸው።

በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን ወደ አውራጃው ትርኢት ያመጡታል። በብዙ ቦታ ዳኞቹ ልጅን ከልጅ ጋር አያወዳድሩም፤ እያንዳንዱን ሥራ ከተወሰነ ልክ ጋር ያስተያዩና ሰማያዊ፥ ቀይ ወይም ነጭ ጥብጣብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሥራቸው መልካም ከሆነ ዐሥሩም ልጆች ሰማያዊ ሊያገኙ ይችላሉ።

የክበቡ ምልክት አራት ቅጠል ያላት መጋዣ የምትመስል ሣር ስትሆን፥ በየቅጠሏ ኤች የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። አራቱ ቃላት በእንግሊዝኛ በዚህች ፊደል ስለሚጀምሩ ነው፤ ትርጕማቸው ራስ፥ ልብ፥ እጅና ጤና ነው። ጤና የተጨመረችው በ1911 ነበር። በ1914 የወጣው ሕግ የመንግሥትን ገንዘብ፥ የኮሌጆችንና የአውራጃዎችን ኀይል አስተባብሮ የእርሻ ትምህርት ወደ ሕዝቡ እንዲደርስ ባደረገ ጊዜ ክበቦቹም ቋሚ መሠረት አገኙ።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ሥራ ለሁሉ እኩል አልደረሰም ነበር። በደቡቡ ግዛቶች ጥቍር ልጆች ከነጮቹ ጋር በአንድ ክበብ አይገቡም ነበር፤ ለእነርሱ የሚመደበው ሠራተኛና ገንዘብም ያነሰ ነበር። የጥቍሮቹን ሥራ የተሸከሙት በተለይ የተስኪጊ ትምህርት ቤት ሰዎች ነበሩ። ሊቁ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ያሰቡት፥ መሣሪያና ዘር ተጭኖበት ከመንደር ወደ መንደር የሚሄድ ሠረገላ በ1906 ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ጥቍር የእርሻ መልእክተኛ ቶማስ ካምቤልም በዚያው ዓመት በዚያ ሠረገላ ተሾሙ። መለያየቱን ሕግ የከለከለው በ1964 ነው፤ ከዚያም በኋላ በ1971 በአላባማ ፍርድ ቤቱ የእርሻ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ አድልዎ ማድረጉን ፈርዶበታል። ሕፃናትን ራስ፥ ልብ፥ እጅና ጤና ብሎ የሚያስተምር ማኅበር፥ በቀለም መርጦ በሩን ሲዘጋ የራሱን ምልክት ይክዳል።

ዛሬ በአሜሪካ በዚህ ክበብ የሚሳተፉት ወጣቶች ስድስት ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ከከተማም ብዙዎች አሉበት። ከጥጃና ከቲማቲም ሌላ የኮምፒዩተርን፥ የፎቶግራፍንና የሮቦትን ሥራ ይማሩበታል። የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሪቻርድ ለርነርና ባልደረቦቻቸው ከ2002 ጀምሮ በ42 ግዛቶች የሚገኙ ከ7000 የሚበልጡ ወጣቶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው፥ በክበቡ ያሉት ለሰፈራቸው በጎ ሥራ በመሥራት ከሌሎቹ እንደሚበልጡ ጽፈዋል። እርግጥ ነው፥ ልጁን ወደ ክበብ የሚልክ ቤት ቀድሞውንም ለልጁ የሚያስብ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ብልጫውን ሁሉ ለክበቡ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ጥናቱ የሚናቅ አይደለም።

አገራችንም ከዚህ ሥር ጋር ዝምድና አላት። በ1950ዎቹ ዓመታት በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ እርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ ማስተማርን፥ መመርመርንና ዕውቀትን ወደ ገበሬው ማድረስን በአንድነት እንዲይዝ የታሰበው፥ ክበቦቹን በወለደው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በሰፈሩ እንዲህ ያለ ክበብ ለማቋቋም የሚወድ ሰው ቢኖር ብዙ ነገር አያስፈልገውም። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ልጆች፥ በሳምንት ወይም በወር አንድ ቀን የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ወይም የዛፍ ጥላ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር፥ ከኋላ ለመቀመጥ የሚታገሥም አንድ ትልቅ ሰው ይበቃል። ግቢ ያለው አባት ለልጁ ከግቢው ጥግ ዐሥር እርምጃ በዐሥር እርምጃ ይከልልለት፤ ግቢ የሌለው ሁለት ዶሮ ይስጠው። በመጀመሪያው ገጽ የዘሩ ወይም የዶሮዎቹ ዋጋ ይጻፍ። ልጁ አንድ ቀን ውሃ ማጠጣት ቢረሳ አሽከሩ እንዲያጠጣለት አይታዘዝ፤ የደረቀውም ችግኝ በደብተሩ ይጻፍ። እንቍላሉ ወይም ጎመኑ ለቤቱ ማዕድ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ እናቲቱ በገበያው ዋጋ ገዝታ ገንዘቡን በልጁ እጅ ትቍጠርለት።